ሃርድ ሳይደር ቤት ውስጥ ከሱፐርማርኬት ጁስ፣ እናቱ ጠጅ ስትጥል እያየ ላደገ ሰው

መጀመሪያ ስሙ ላይ እንግባባ። አሜሪካ ፎል (መኸር) ሲገባ ዱባ ከሚደረደርበት ጎን በፕላስቲክ ጋሎን የሚሸጠው ቡናማ ድፍርስ ነገር ሳይደር ይባላል ግን አልኮል የለውም፣ ያልተጣራ የፖም ጁስ ነው በቃ፣ ልጆች ናቸው የሚጠጡት። ሃርድ የምትለዋ ቃል ስትጨመርበት ነው መጠጥ የሚሆነው። እንግሊዝ ያላችሁ ደሞ ሌላ ነው፣ እዛ ሳይደር ካሉ አልኮሉን ማለታቸው ነው። በኛ አነጋገር አንደኛው ብርዝ ነው ሁለተኛው ጠጅ፣ እኔም ዛሬ የምጽፈው ብርዙ እንዴት ጠጅ እንደሚሆን ነው።

ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ከነዳችሁ ዊንቸስተር ትደርሳላችሁ፣ የፖም አገር ነው፣ የፖም አበባ ፌስቲቫላቸው መጀመሪያ የተከበረው በ1924 በፈረንጅ ነው። ፕሬዚዳንት የነበረው ጀፈርሰንም እዚሁ ስቴት ሞንቲቸሎ የሚባለው እርሻው ላይ ለሳይደር የሚሆን ፖም አስተክሎ ነበር፣ ጭመቃውንና ጥመቃውን የሚሰሩለት ግን በባርነት የያዛቸው ሰዎች ነበሩ። ስለዚ ነገሩ እዚህ ስር የሰደደ ነው። እኔ ግን በቀጥታ እርሻ ሄዳችሁ ፖም ለቅማችሁ ጨምቃችሁ ምናምን አልላችሁም፣ የመጀመሪያውን ከሱቅ በምትገዙት ጁስ ስሩት። ለአንድ ጋሎን (3.8 ሊትር ያህል) ጁስ ከ7 እስከ 9 ኪሎ ፖም ያስፈልጋል፣ መጭመቂያ ከሌላችሁ በጁስ ማሽን ይሄን ማድረግ ቅጣት ነው፣ አንዴ ሞክሬዋለሁ ኩሽናው ለሶስት ቀን ተጣብቆ ነበር።

እናቴ ልጃችን ሲወለድ ልታርስ ከደብረ ብርሃን መጥታ ነበር፣ አንድ ቀን ክሎዜቱን ከፍታ ፎጣ ስትፈልግ "አንተ! እዚህ ውስጥ የሚፈላው ምንድነው?" አለችኝ። አውጥቼ ሳሳያት ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ጆጉ ላይ ለጠፈችው፣ ልክ ጋን እንደምታዳምጠው፣ ትንሽ ቆየችና "ጥሩ ይዟል፣ ጌሾው የታለ?" አለች። ጌሾ የለውም ስላት ከልቧ ነው ያዘነችልኝ። በኋላ ሲደርስ ቀመሰችውና ፊቷን አጨማደደች፣ "ልጄ ይሄ እኮ ጣዕሙን ሌባ ወስዶታል" አለች። እውነቷን ነው፣ ሌባው ደሞ ራሱ እርሾው ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ስኳሩ የት ሄደ የሚለው ነገር ነው፣ እሱን ከያዛችሁ ሌላው ቀላል ነው።

የጁሱን ዕቃ ገልብጡና ጀርባውን አንብቡ። ብዙዎቹ በአንድ ኩባያ 28 ግራም አካባቢ ስኳር አለው ይላሉ። አንድ ጋሎን 16 ኩባያ ነው፣ 16 በ28 ስታበዙት 448 ግራም፣ ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ስኳር ማለት ነው። እርሾው ይሄን ሁሉ ይበላና ግማሹን አልኮል ግማሹን ጋዝ አርጎ ያወጣዋል። መጨረሻ ላይ ከ6 እስከ 7 ፐርሰንት አልኮል ያለው፣ ጣፋጭነቱ ግን የጠፋ መጠጥ ይቀራችኋል። ጠጅ ላይ ይሄን የማናየው ማሩ ብዙ ስለሆነና ብዙ ጊዜም እርሾው ሳይጨርስ ስለምንጠጣው ነው። የፖም ጁስ ላይ ያለው ስኳር ለእርሾ ምሳው ነው፣ ጠራርጎ ነው የሚነሳው።

እዛው ጀርባው ላይ ሌላም የምታነቡት አለ። ፖታሺየም ሶርቤት ወይም ሶዲየም ቤንዞኤት የሚል ካለበት መልሱት፣ እነዚህ እርሾ እንዳይራባ ተብለው የሚጨመሩ ናቸው፣ እሱ ላይ እርሾ ብትጨምሩ ወር ሙሉ ተቀምጣችሁ ጁስ ስታዩ ትኖራላችሁ። አስኮርቢክ አሲድ ካለው ችግር የለም ቫይታሚን ሲ ነው። ፓስቸራይዝድ መሆኑም ችግር የለውም እንዲያውም ለጀማሪ ይሻላል፣ ሙቀቱ ሌላ ሌላውን ተውሳክ ስለገደለው ሜዳው ለናንተ እርሾ ብቻ ይቀራል። ከእርሻ ያልፈላ ጥሬ ጁስ ካገኛችሁ ጣዕሙ በጣም ይበልጣል ግን ከራሱ የዱር እርሾና ባክቴሪያ ጋር ነው የሚመጣው፣ ለሱ ካምፕደን የሚባል ኪኒን አለ፣ ለአንድ ጋሎን አንዱን ፈጭታችሁ ጨምራችሁ 24 ሰዓት ጠብቃችሁ ነው እርሾ የምታስገቡት። አፍልቼ ልግደለው እንዳትሉ፣ ፖም ሲፈላ ማርማላታ የሚያደርገው ፔክቲን ይለቅና ሳይደሩ ዕድሜ ልኩን ድፍርስ ሆኖ ይቀራል፣ የተቀቀለ ፖም የተቀቀለ ፖምም ይላል።

ጁሱን በመስታወት ጋሎን የሚሸጥ ካገኛችሁ ግዙት፣ ጠርሙሱ ራሱ ጋን ይሆናችኋል። ከዛ ውጪ የሚያስፈልገው የላስቲክ ውታፍ መሃሉ የተበሳ (ለአብዛኛው የጋሎን አፍ 6 ቁጥር ነው የሚገጥመው)፣ ኤርሎክ፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ለስላሳ ቱቦ፣ ሃይድሮሜትር (ጁሱ ላይ ተንሳፎ ስኳሩን የሚለካ የመስታወት ዘንግ፣ ስኳሩ ሲያልቅ ቁጥሩ ይወርዳል)፣ አንድ ትርፍ ጋሎን፣ በቃ። ኤርሎክ ማለት ውሃ የሚጠጣ ትንሽ የፕላስቲክ ነገር ናት፣ ጋዙን ወደ ውጪ ታስወጣለች አየርና ዝንብ ግን አታስገባም። በሷ ፋንታ ፊኛ በመርፌ በስተው የሚያስሩ አሉ፣ ይሰራል፣ እኔም የመጀመሪያዬን እንደዛ ነበር የሰራሁት ግን ፊኛው በሁለተኛው ሳምንት ተሰንጥቆ አገኘሁት። ሃይድሮሜትሩን አትዝለሉት፣ ሁሉም ጀማሪ ይዘለዋል እኔም ዘልየው ያመጣብኝን መዘዝ ታች ታነቡታላችሁ።

እርሾ። የዳቦ እርሾ ይሰራል ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ፣ ይሰራል፣ ግን ዳቦ ዳቦ ይላል ደሞ ታች በደንብ አይረጋም ትንሽ ስትነቀንቁት ብድግ ብሎ ይደፈርሳል። የሚሻለው የጠመቃ ዕቃ ከሚሸጡ ቦታ ወይ ኦንላይን ማዘዝ ነው። ላልቪን ኢሲ 1118 የሚባለው የሻምፓኝ እርሾ ሞት የማያውቅ ነው፣ ቢበርደውም ቢሞቀውም ስራውን ይሰራል፣ ግን ጨካኝ ነው ጠርጎ ነው የሚጨርሰው ጣዕሙም ትንሽ ራቁት ይሆናል። ሴፍኤል ኤስ 04 የእንግሊዝ የቢራ እርሾ ነው፣ እሱ የፖሙን ሽታ ይበልጥ ያስቀርላችኋል፣ ታች ሲረጋም እንደ ሲሚንቶ ነው፣ እኔ አሁን ከሱ ውጪ አልጠቀምም። የላልቪኑ 5 ግራም ፓኬት ለአምስት ጋሎን የሚበቃ ነው ስለዚ ለአንድ ጋሎን ግማሹ ከበቂ በላይ ነው። ፖም ላይ ለእርሾ የሚሆን ናይትሮጅን ትንሽ ነው፣ ስለዚ የእርሾ ምግብ ተብሎ የሚሸጠውን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብትጨምሩለት ጥሩ ነው። ካልጨመራችሁ ሊናደድ ይችላል፣ ሲናደድ ደሞ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

ንጽህናው ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም የተበላሸ ሳይደር ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። እናቶቻችን ጋኑን በግራዋ ፈትገው አጥበው በወይራ ጭስ የሚያጥኑት ለሽታ ብቻ አልነበረም እኮ፣ የተረፈውን ተውሳክ ማባረራቸው ነበር። እኛ እዚህ ወይራ ብናጨስ የእሳት አላርሙ ጮኾ ሰፈር ይሰበሰባል፣ ስለዚ ስታር ሳን የሚባል ፈሳሽ አለ፣ ለአንድ ጋሎን ውሃ 6 ሚሊ ሊትር ትጨምራላችሁ፣ ጋሎኑን ውታፉን ኤርሎኩን ቱቦውን እጃችሁንም በሱ ታረጥባላችሁ፣ ሁለት ደቂቃ ታቆዩና ታንጠፈጥፋላችሁ። አታለቅልቁት። አረፋ ይቀራል፣ አረፋውን አትፍሩት፣ በዛ መጠን ከተበጠበጠ ጉዳት የለውም። መጀመሪያ ግን ዕቃው መታጠብ አለበት፣ ቆሻሻ ላይ ስታር ሳን ማፍሰስ ሳይታጠቡ ሽቶ መቀባት ነው። በረኪና የምትጠቀሙ ከሆነ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፣ ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ አሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉት፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

አሁን ስራው፣ ከዚህ ሁሉ ወሬ በኋላ አስራ አምስት ደቂቃ ነው። ጁሱ ከፍሪጅ ከወጣ የክፍል ሙቀት እስኪያገኝ ጠብቁት። ከጋሎኑ ሁለት ኩባያ ያህል ቀንሱ፣ እርሾው ሲነሳ አረፋ ስለሚያወጣ ቦታ ይፈልጋል፣ የቀነሳችሁትን ለልጆች ስጡ ወይ ፍሪጅ አስቀምጡት በኋላ ትመልሱታላችሁ። ሃይድሮሜትሩን አስገብታችሁ ቁጥሩን ጻፉ፣ 1.045 እስከ 1.050 አካባቢ ይሆናል፣ ስልካችሁ ላይ ሳይሆን በፕላስተር ጋሎኑ ላይ ለጥፉት ቀኑንም ጭምር፣ ስልክ ላይ የጻፋችሁትን ነገር መቼም አታገኙትም። ከዛ ክዳኑን ገጥማችሁ አንድ ደቂቃ በደንብ ናጡት፣ እርሾ ሲጀምር አየር ይወዳል፣ ጁሱ አየር እንዲያገኝ የምትፈልጉት ግን ይሄን ቀን ብቻ ነው ከዚህ በኋላ አየር ጠላት ነው። እርሾውን ከላይ በትኑት፣ ውታፉን ግጠሙ፣ ኤርሎኩ ላይ እስከ መስመሩ ውሃ አድርጉ፣ ጨለማ ቦታ አስቀምጡት።

አንድ የኔ ጭማሪ፣ ሁለት ከረጢት ጥቁር ሻይ በትንሽ ውሃ በጣም አክርራችሁ አፍሉና አቀዝቅዛችሁ ጨምሩበት። የሱቅ ጁስ የሚሰራው ከሚበላ ፖም ነው፣ ለሳይደር ተብሎ የሚተከለው ፖም ግን አፍ የሚጨብጥ ነው፣ ያ የሚጨብጠው ነገር ታኒን የሚሉት ነው ሻይ ውስጥ ደሞ ሞልቷል። ያለሱ ሳይደሩ አጥንት የሌለው ይሆናል። ጠጅ ላይ ጌሾው ምሬት እንደሚሰጠው በሉት። በእናቴ ግፊት አንድ ጋሎን ላይ ጌሾ እንጨትም ሞክሬ ነበር፣ ጣት የሚያክሉ አራት ስንጥር ጨምሬ፣ መጥፎ አይደለም ግን ፖሙ ጠፋ፣ ጠጅ ሳይሆን ሳይደርም ሳይሆን ቀረ። እሷ ወዳዋለች።

ሙቀቱ ከ60 እስከ 70 ፋራናይት ቢሆን ጥሩ ነው፣ በሴልሺየስ ከ16 እስከ 21። በጣም ከሞቀ ቶሎ ይጨርሳል ግን ቀለም ቀለም የሚል ሽታ ያመጣል፣ ሰመር ላይ ኤሲ የሌለበት ክፍል አታስቀምጡት። በ24 ሰዓት ውስጥ፣ አንዳንዴ በ48፣ ኤርሎኩ ብልቅ ብልቅ ማለት ይጀምራል። ከሶስተኛው ቀን በኋላ ቡናማ አረፋ አንገቱ ድረስ ይመጣል፣ ወደ ኤርሎኩ ከገባ አውጥታችሁ አጥባችሁ መልሱት በቃ። መስታወቱን ከኋላ በባትሪ ብታበሩበት ከታች ወደ ላይ የሚሮጡ መርፌ ጫፍ የሚያክሉ አረፋዎች ታያላችሁ፣ እኔ እስካሁን ማታ ማታ ወርጄ አያለሁ፣ ሚስቴ ሁለተኛ ልጅህ ነው ትለኛለች። እንቁላል ከሸተተ አትድፉት፣ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይሄዳል። ላዩ ላይ ጸጉር ያለው ሰማያዊ ወይ አረንጓዴ ሻጋታ ካያችሁ ግን ያ አለቀ፣ ይደፋ። ስትከፍቱት አቼቶ አቼቶ ካለ ደሞ አየር ገብቶበታል ማለት ነው፣ ለሰላጣ አርጉት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አካባቢ ይረጋጋል። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው። ብልቅታው ስላቆመ ጨርሷል ማለት አይደለም! ቤቱ በርዶት ተኝቶ ሊሆን ይችላል፣ ውታፉ ላልቶ ጋዙ በጎን እየወጣ ሊሆን ይችላል። የሚታመነው ሃይድሮሜትሩ ብቻ ነው፣ 1.000 ወይም ከዛ በታች ወርዶ በተለያየ ቀን ስትለኩት ለሶስት ቀን ያህል ያው ቁጥር ከሆነ ጨርሷል። የመጨረሻውን ቁጥር ከመጀመሪያው ቀንሱና በ131 አባዙት አልኮሉን በፐርሰንት ይሰጣችኋል፣ ለምሳሌ ከ1.050 ተነስቶ 1.000 ላይ ከቆመ ልዩነቱ 0.050 ነው፣ ወደ 6.5 ፐርሰንት። የለካችሁበትን መልሳችሁ አታፍስሱ፣ ቅመሱት፣ በየጊዜው እየቀመሳችሁ ነው የምትማሩት።

አሁን ከአተላው መለየት ነው። ከታች የተኛው ነጭ ግራጫ ነገር የሞተና የደከመ እርሾ ነው፣ ለሳምንታት ችግር የለውም ለወራት ከተኛበት ግን ጣዕሙ ይበላሻል። ጋሎኑን ጠረጴዛ ላይ ከማታ አውጥታችሁ አስቀምጡት እንዳይናወጥ፣ ባዶውንና ንጹሁን ጋሎን መሬት ላይ አድርጉ፣ ቱቦውን ስታር ሳን ሞልታችሁ አንዱን ጫፍ ከአተላው ሁለት ጣት ከፍ አርጋችሁ አስገቡ ሌላውን ዝቅ አርጋችሁ መጀመሪያ የሚመጣውን ኩባያ ላይ ልቀቁትና ከዛ ወደ ጋሎኑ። በአፍ አትሳቡት፣ ሁላችንም ሲፈልግ ቤንዚን በአፍ የሚስብ አጎት ስላለን ይቀናናል ግን አፍ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሁሉ ይገባል። ቱቦው ጫፉ አዲሱ ጋሎን ታች ድረስ ይድረስ፣ ከላይ እየተንቦጫቦጨ ከወረደ አየር ይጠጣል። እስከ አንገቱ ሙሉት፣ ከጎደለ ፍሪጅ ያስቀመጣችሁትን ጁስ ጨምሩ (ትንሽ ይነሳል እንደገና፣ ይጨርስ)። ኤርሎክ መልሱና ሶስት አራት ሳምንት እርሱት። ሲጠራ ወርቅማ ነው፣ ከኋላው ጋዜጣ ብታስቀምጡ ማንበብ የምትችሉበት ደረጃ ይደርሳል።

እና ትቀምሱታላችሁ፣ እና ፊታችሁን እንደ እናቴ ታጨማድዳላችሁ። ደረቅ ነው። ወይን የለመዳችሁ ትወዱት ይሆናል፣ ጠጅ የለመደ ሰው ግን ጣዕም ይፈልጋል። መፍትሄው ቀላል ይመስላል፣ ስኳር ጨምሮ ጠርሙስ ውስጥ ማሸግ። ይሄን ነው የማታደርጉት! እርሾው አልሞተም ተኝቷል፣ ስኳር ስትሰጡት ይነሳል፣ የሚያወጣው ጋዝ ደሞ የሚሄድበት የለውም።

በሁለተኛው ጥመቃዬ ሃይድሮሜትር አልነበረኝም። ብልቅታው አቁሟል ብዬ በቢራ ጠርሙስ ሞልቼ ቆርኪ መትቼ ክሎዜት ውስጥ ጫማ ጎን ደረደርኩት። ኖቬምበር ነበር፣ ቤቱ በርዶ ስለነበር እርሾው ግማሽ መንገድ ላይ ተኝቷል፣ እኔ አላወኩም። ከሳምንት በኋላ ማሞቂያውን ከፈትን። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በኛ አቆጣጠር፣ ሁለታችንም ከአልጋ የወደቅንበት ድምጽ ተሰማ፣ ተኩስ መስሎን መሬት ላይ ተኝተን 911 ልንደውል ስንል ሁለተኛው ደገመ ከዛ ከበሩ ስር ፖም ፖም የሚል ፈሳሽ መጣ። ሶስቱ ነበሩ የፈነዱት። የክሎዜቱ በር ከውስጥ በኩል የጥፍር ስፋት ያለው ስባሪ ተሰክቶበት ነበር፣ በጉጠት ነው ያወጣሁት። የሚስቴ ነጭ ቀሚስ ጥለቱ ድረስ ቡናማ ሆነ፣ ይሄን እስከዛሬ ታነሳብኛለች። የቀሩትን ጠርሙሶች በክረምት ጃኬትና በጓንት መነጽር አድርጌ አንድ ባንድ በወፍራም ፎጣ ጠቅልዬ በረንዳ ላይ አወጣኋቸው፣ ብርዱ ጋዙን ሲያረጋጋው በነጋታው ቀስ ብዬ ቆርኪያቸውን ከፈትኩ። ሰው ክሎዜቱ ጋ በነበረ ሰዓት ቢሆንስ ብዬ አስቤ አሁንም ይዘገንነኛል።

ስለዚ ጣፋጭ ከፈለጋችሁ ያለው መንገድ እንደሚከተለው ነው። በጣም ቀላሉና እኔ የማደርገው ደረቁን አሽጎ ብርጭቆ ላይ ማጣፈጥ ነው፣ ስትቀዱ ትንሽ የፖም ጁስ ወይ በሞቀ ውሃ የተበጠበጠ ማር ጨምሩበት፣ ለእንግዳ በብርሌ አድርጌ ከማር ጋር ስሰጥ ሶስት ሰው ጠጅ ነው ብሎ ተከራክሮኛል። ሁለተኛው ከጠራ በኋላ ለአንድ ጋሎን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ፖታሺየም ሶርቤትና አንድ ካምፕደን ጨምሮ አንድ ሁለት ቀን ጠብቆ ማጣፈጥ ነው፣ ሶርቤቱ እርሾውን አይገድለውም እንዳይራባ ነው የሚያደርገው፣ ስለዚ ጨርሶ ለጠራ ሳይደር ብቻ ነው የሚሰራው፣ እየፈላ ያለውን አያስቆምም። እንዲህ የተሰራው ጋዝ አይኖረውም። ሶስተኛው እርሾ የማይበላው ማጣፈጫ ነው፣ ኤሪትሪቶል ወይ ስቴቪያ። ዛይሊቶልም ይሰራል ግን ቤታችሁ ውሻ ካለ ይቅር ለውሻ መርዝ ነው።

ጋዝ ያለው ከፈለጋችሁ ደሞ፣ ጨርሶ የደረቀውን ትወስዱና ለአንድ ጋሎን 25 ግራም ስኳር፣ በሚዛን ተመዝኖ፣ በትንሽ ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዛችሁ ባዶ ጋሎን ስር ታደርጉና ሳይደሩን በቱቦ ላዩ ላይ ታወርዳላችሁ፣ በራሱ ይቀላቀላል። በማንኪያ ለየጠርሙሱ መስጠት ይቅርባችሁ አንዱ ይበዛል አንዱ ያንሳል። ጠርሙሱ ግፊት የሚችል መሆን አለበት፣ በቆርኪ የሚዘጋ የቢራ ጠርሙስ ወይም የሻምፓኝ፣ የጃም ብልቃጥና ቀጭን የወይን ጠርሙስ አይሆንም፣ ለጌጥ የሚሸጥ አራት ማዕዘን ጠርሙስማ ጭራሽ። ከአንድ ጋሎን አተላው ቀርቶ ዘጠኝ አስር የቢራ ጠርሙስ ይወጣዋል። አንዱን ግን በፕላስቲክ የለስላሳ ጠርሙስ ሙሉት፣ እሱ መለኪያችሁ ነው፣ በየቀኑ ጨመቅ ጨመቅ አርጉት፣ እንዳልተከፈተ ኮካ ድርቅ ሲል የሌሎቹም ደርሷል፣ ሁሉንም ወደ ፍሪጅ። አንድ ሁለት ሳምንት ነው የሚፈጀው። እስከዛ ካርቶን ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጥ ወይ ክዳን ያለው ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ፣ ቀሚስ አጠገብ አይሁን።

የሚጠየቁ ነገሮችን ላፍጥናቸው። ዓይን ያሳውራል ወይ፣ አያሳውርም፣ የሚያሳውረው ሜታኖል በጥመቃ የሚወጣው በጣም ትንሽ ነው፣ ችግሩ ሰው አረቄ ላውጣ ብሎ አፍልቶ እንፋሎቱን ማንጠር ሲጀምር ነው፣ እሱ ደሞ እዚህ አገር ቤት ውስጥ በፌዴራል ህግ ክልክል ነው። መጥመቁስ፣ ለራስ መጠጫ ይፈቀዳል፣ አንድ አዋቂ ብቻ ያለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዛ በላይ አዋቂ ካለ 200፣ መሸጥ ግን አይቻልም፣ ለማኅበር ወስዳችሁ መካፈል ሌላ፣ በጠርሙስ ይሄን ያህል ማለት ሌላ። ሳውዲና ኩዌት ያላችሁ አንብቡት እንጂ እጃችሁን አታስገቡ፣ የዛ አገር ህግ ቀልድ አያውቅም። አዲስ አበባ ያለ ሰው በምን ይሰራል ካላችሁ የጨንቻ ፖም አለ፣ ከጋሞ ደጋ የሚመጣው፣ ጠንከር ያለና ጎምዛዛውን ምረጡ፣ ለስላሳው ከውስጡ ዱቄት የሆነው ጁስ የለውም። የታሸገ ጁስ ከሆነ ደሞ መቶ ፐርሰንት የሚል ይሁን፣ ነክታር የሚባለው ውሃና ስኳር የገባበት ነው።

ሲያልቅ አተላውን አትድፉት። አንዱን ጋሎን ወደ ሌላ ባወረዳችሁበት ቀን አዲስ ጁስ ገዝታችሁ ጠብቁ፣ የቀረው አተላ ላይ በቀጥታ አፍስሱበት፣ እርሾ መግዛት የለም፣ እናቴ ከድሮ ጥንስስ ቀንሳ እንደምታስቀረው ማለት ነው። ከሁለት ሶስት ሰዓት በኋላ ነው የሚነሳው፣ በጣም ፈጣን ስለሚሆን ሶስት ኩባያ ቦታ ተዉለት። እስከ ሶስት ዙር እንዲህ አድርጌያለሁ፣ አራተኛው ላይ ሽታው ተቀየረብኝና አጥቤ ከአዲስ ጀመርኩ። አሁን ክሎዜቱ ውስጥ ሁለት ጋሎን አለ፣ ፕላስተሩ ላይ ቀኑና 1.048 ተጽፎበታል፣ ከስሩ ደሞ ሚስቴ በራሷ እጅ "ለክተሃል?" ብላ ጽፋበታለች።